የሳላይ ተዝካር

ሳላይ የምትባል ሴት የለችም። ይህንን ለማስረዳት አንድ ዓመት ሙሉ አፌ ደረቀ። ለዓሣ ሻጯ አስረዳሁ፣ ለፀጉር ሠሪዬ አስረዳሁ፣ መንገድ ላይ ሞተሩን አቁሞ እንትፍ ላለብኝ ጎረምሳ ሳይቀር አስረዳሁ። ሁሉም በትዕግሥት ያዳምጡኛል። ስጨርስ "እሺ፣ ግን ያቺን ምስኪን ልጅ የፈላ ውሃ የደፋሽባት ምን አድርጋሽ ነው?" ይሉኛል።

ስሜ ራምፋ ነው። ሥራዬ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ክፉ ሴት መሆን ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ እስቲ ደግ ሁኚ ያለኝ ዳይሬክተር የለም። ቅንድቤ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ይሁን ድምፄ ስለሚጎረንን እንጃ፤ በጥፊ የምትማታ፣ ባል የምትነጥቅ፣ ሾርባ ውስጥ መርዝ የምትጨምር ሴት ስትፈለግ እኔ ነኝ የምጠራው። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ባለፈው ዓመት ሳላይን ሰጡኝ። ሳላይ ሀብታም የሩዝ ነጋዴ አግብታ የእንጀራ ልጇን ያቃጠለች፣ አማቷን ከገዛ ቤታቸው አውጥታ ዝናብ ላይ የጣለች ሴት ናት። ድራማው አገር ምድሩን ያዘ። በሚተላለፍበት ማታ እኛ ከተማ፣ ፔቻቡሪ፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ሳላይን ሊረግም ቴሌቪዥን ፊት ተሰይሟል።

ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ ስትሰደቢ ሥራሽን አሳምረሽ ሠርተሻል ማለት ነው ይሉናል በሙያው ያሉ። ልጄ ፋይ ላግባ እስክትል ድረስ እኔም እንዲያ ብዬ እተኛ ነበር።

ፋይ አንድ ልጄ ናት፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አባቷ ገና በእቅፍ ሳለች ጥሎን ስለሄደ ያሳደግኳት ብቻዬን ነው። የወደደችው ልጅ ዴቻ ይባላል። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ፣ እጁን ምንም ቢታጠብ ቅባት ቅባት የሚሸት ልጅ። እኔ ወድጄዋለሁ። ችግሩ አያቱ እማማ ጁዋን ናቸው። ዴቻ እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት፣ አሳድገው ሰው ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በእኛ ወግ ደግሞ የወንዱ ወገን ታላቅ የሴቷ ቤት መጥቶ ልጃችሁን ለልጃችን ካላለ ጋብቻ የለም። ዴቻ ከአያቱ ሌላ ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው ዘመድ የለውም። እማማ ጁዋን "የሳላይን ደጃፍ አልረግጥም" ብለው ቁጭ አሉ። እሱም ለፋይ እንባው እየመጣ፣ አያቴን አስከፍቼ ጎጆ አልወጣም አላት። ጊዜውም አይጠብቅም፤ የዝናቡ ወራት ሲገባ መነኮሳቱ ገዳማቸው ይከተታሉ፣ እነሱ ከተከተቱ ወዲያ ሰርግ የሚደግስ ሰው የለም።

ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊቴን ሳልቀባባ፣ ተራ ቀሚስ ለብሼ፣ ማንጎ በቅርጫት ይዤ፣ ከፋይ ጋር። እማማ ጁዋን በእንቁላልና በዘንባባ ስኳር ጣፋጭ እየጋገሩ ለሱቆች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ከዓይናቸው ግን ምንም አያመልጥም። በር ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ ገጥሜ፣ ዝቅ ብዬ ሰላምታ አቀረብኩ። ዘወር ብለውም አላዩኝ። ዴቻን ጠርተው "ቡችላዋን ወደ ጓዳ አስገባት" አሉት።

በድራማው ሁለተኛ ክፍል ላይ ሳላይ ቡችላ ረግጣለች።

ዋጥ አደረግኩት። ተቀመጥኩ። ሳሎናቸው ውስጥ በአንድ በኩል የቡድሃ ምስል ያለበት መደርደሪያ፣ ከሥሩ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አለ። ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመርኩ፤ ምን ያህል እንደሚዋደዱ፣ ዴቻን እንደ ልጄ እንደማየው። እሳቸው የሚመልሱልኝ በዴቻ በኩል ነው። "ንገራት" ይላሉ፤ "ንገራት፣ የፊንን እናት ያን በሚያህል ዝናብ ያስወጣች ሴት እኔን ከዚህ ቤት ለማስወጣት አትመለስም በላት።" ፊን የሳላይ ባል ነው። የሌለ ሰው።

"እማማ፣ እሱ እኮ ድራማ ነው" አልኳቸው። "ዝናቡ ራሱ ከቱቦ የመጣ ውሃ ነው። አማቴን ሆነው የሚጫወቱት ሴትዮ ጓደኛዬ ናቸው። ቀረጻው እንዳለቀ ፎጣ አልብሰን ትኩስ ሻይ ነው የሰጠናቸው።"

እማማ ጁዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ሻይ የሰጣችኋቸው በርዷቸው አይደል?"

ምን ይባላል? በርዷቸው ነበር፤ ሁለት ቀን አስነጥሰዋል። ግን ነገሩ እሱ አይደለም! እዚያው ደሜ ፈላ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ እኔ ራምፋ እንደሆንኩ፣ ቡችላ ረግጬ እንደማላውቅ፣ ልጄን በላቤ እንዳሳደግኩ፣ ሰው በቴሌቪዥን ያየውን ሁሉ እውነት ነው ካለ አገሩ ጤና እንደሌለው ተናገርኩ። ቅንድቤ ሲነሳ እኔ ራሴ ተሰማኝ። እማማ ጁዋን በጣታቸው እያመለከቱ ለዴቻ "ይኸውልህ፣ መጣች" አሉት። ዴቻ መሬት መሬት ያያል። ማንጎውን ትቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፋይ መኪና ውስጥ አኩርፋ "እማዬ፣ ሳላይን ሳትሆኚ መቆጣት አትችይም?" አለችኝ።

ከሁሉም ይሄ አቃጠለኝ። የሳላይ ቁጣ ከየት የመጣ መሰላት? እኔ እኮ ባሌ ጥሎኝ የሄደ ዕለት የተቆጣሁትን፣ ቤት አከራይዬ ዕቃዬን ደጅ ያወጣች ጊዜ የተቆጣሁትን ነው አውጥቼ ያችን ሴት ያለበስኳት። ሳላይ ናት የእኔን የወሰደችው። አሁን ደግሞ የገዛ ቁጣዬን ስጠቀም የሷን የሰረቅኩ ይመስል ልጄ ትገሥጸኛለች። ይህን ሁሉ ግን አላልኳትም፤ ብናገር ቅንድቤ ይነሳል ብዬ።

በማግሥቱ ገዳም ሄድኩ። አበምኔቱ አባ ቲራ እማማ ጁዋንን ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል፤ በየበዓሉ ነጭ ለብሰው አባ ፊት የሚቀመጡት እማማ ናቸው። አንድ ቃል ከአባ አፍ ቢወጣ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነው የሄድኩት። አባ ግቢውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ከዓሣ ሻጯ እስከ ቡችላዋ ድረስ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዳመጡኝና "ማነው እንዲህ የተቆጣው?" አሉ።

"እኔ ነኛ አባ።"

"የትኛዋ?"

ተጀመረ አልኩ በልቤ። አባ ቀስ ብለው ያስተምሩኝ ጀመር። ጠዋት ስትነሺ ያለችው፣ ካሜራ ፊት የምትቆመው፣ ፋይ እማዬ የምትላት፣ ዓሣ ሻጯ ሳላይ የምትላት፣ የትኛዋ ናት አንቺ? አንዱን ልብስ ስታወልቂ ሌላ ልብስ ነው የምታገኚው አሉ፤ ከሁሉ ሥር ባለቤት ብትፈልጊ አታገኚም፤ 'እኔ' ብለሽ የሙጥኝ ያልሽው ነው የሚያቃጥልሽ። ይህ ትምህርት ለእኔ አዲስ አይደለም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናቴ ጭን ላይ ተኝቼ የሰማሁት ነው። ግን 'እኔ' የሚባል የለም እያለ የሚያስተምረኝ ሰው ሁሉ ስሙ ሲጠራ ቀና ይላል። ሳላይ የለችም ብዬ ልከስስ ብመጣ አንቺም የለሽም ተብዬ ልመለስ?

"አባ፣ ከልብሱ ሥር ሰው ከሌለ ልጄን ማን ይዳራት?" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ድራማውን ያዩታል እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መነኩሴ እንዲህ ያለ ነገር አያይም፣ ግን ምግብ ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ እየተቀባበለ ስለሚነግረኝ አንድም ክፍል አላመለጠኝም አሉ። ቀጠሉና፣ አማትሽን ያስወጣሽ ዕለት እዚህ ያለቀሱት ሴቶች ብዛት ጉድ ነው አሉኝ።

"አባ!"

"አፌን ወለም ብሎኝ ነው" አሉና መጥረጊያቸውን አንስተው ሄዱ። ለእማማ ጁዋን እነግራቸዋለሁ አላሉኝም፤ ይንገሩልኝም ብዬ መጠየቁ ያኔ አስጠላኝ።

የቀረኝ ዳይሬክተሩ ነበር። ድራማው ወደ ማለቂያው ነው፤ እንግዲያው ሳላይ በመጨረሻ ትጸጸት፣ አማቷ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ ብዬ ለመንኩት። እማማ ጁዋን ያንን ካዩ ይራራሉ የሚል ሐሳብ ነው የመጣልኝ። ዳይሬክተሩ ሳቀብኝ። ሕዝቡ ይቅርታሽን አይደለም የሚጠብቀው፣ ሬሳሽን ነው አለ። ሳላይ ገንዘቧ አልቆ፣ ሁሉ ሸሽቷት፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ታማ ትሞታለች። አለቀ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞትኩ። ክፍሉ እሳት ነው፤ ድምፅ እንዳይገባ ብለው የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተውታል። አሮጌ ሰሌን ላይ ተጋድሜ "ውሃ፣ ውሃ" እላለሁ፤ የሚሰጥ የለም፤ ከዚያ እጄ ይወድቃል። ዳይሬክተሩ ጥግ ላይ ፓስታውን በሾርባ እየመጠጠ "እንደገና" ይለኛል። የእጄ አወዳደቅ አላማረውም። እኔም ዓይኔን ከድኜ የማስበው ሌላ ነው፤ እማማ ጁዋን ድንገት ልባቸው ቢራራና ቢመጡ ሳሎኑ ምን መጋረጃ ይሰቀልበት እያልኩ ነው። ሲያልቅ ተነስቼ ላቤን ጠረግኩ፣ ቤቴ ሄድኩ። ቀብሯም ተቀረጸ፤ እሱ ላይ እኔ አልነበርኩም። ለቀብሩ ከተቀጠሩ ሰዎች በቀር ማንም አልቆመም፤ የቤት ሠራተኛዋ እንኳ ቀርታለች።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈ ማታ ከተማው እልል አለ ቢባል ማጋነን አይደለም። በነጋታው ገበያ ስገባ ዓሣ ሻጯ ፒኩን፣ አንድ ዓመት ፊት የነሳችኝ ፒኩን፣ ከሩቅ በፈገግታ ተቀበለችኝ።

"እትዬ፣ እንኳን ሞቱ!" አለችኝ፣ በሙሉ ልብ። ምርቃት ብላ አንድ ዓሣም ጨመረችልኝ። አጠገቧ ያለችው አትክልት ሻጭ ደግሞ ሬሳዎ ያምር ነበር አለችኝ። ተናደድኩ፣ ግን ደስ ደስም አለኝ። በቃ፣ ተገላገልኩ። ሳላይ ተቀበረች፣ ራምፋ ዓሣዋን ገዝታ ቤቷ ትገባለች፣ እማማ ጁዋንም የሚፈሩት ሰው የለም። ዓሣውን ሳልጠብስ ስልኩ ጮኸ። ፋይ ናት።

ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። እማማ ጁዋን ገዳም ናቸው አለችኝ፤ ለመነኮሳቱ ምግብ አስይዘው በጠዋት ሄደዋል፣ ዴቻ ነው የነገረኝ፣ እኔም እዚያው እየሄድኩ ነው፤ ተዝካር እያወጡ ነው።

"የማንን?"

"የ... የሷን። የሳላይን። እማዬ፣ በፈጠረሽ እንዳትመጪ።"

ምድጃውን አጥፍቼ ወጣሁ። ይሄ ቀልድ አይደለም። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ጸሎት ማስደረግ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚፈራ ጠላቴም ያውቃል። በቁሜ ተዝካሬን! እሺ፣ ሳላይ ትሙት፤ የሞተችው ግን በእኔ ፊት፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ትንፋሽ ነው። ጸሎቱ አድራሻው ጠፍቶት ቢዞር ማን ዘንድ ነው የሚያርፈው? መንገዱን በሙሉ እየለፈለፍኩ ነዳሁ።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ገባሁ። መነኮሳቱ ከፍ ባለው ቦታ ተሰልፈው ተቀምጠዋል፣ አባ ቲራ በመጀመሪያ። የምግብ ሣህኖቹ ፊታቸው ናቸው። እማማ ጁዋን ነጭ ለብሰው ምንጣፉ ላይ፣ ዴቻ ከጎናቸው፣ ፋይ ከኋላ። ከገበያ የመጡ ሴቶችም ነበሩ። ከሁሉ ፊት ደግሞ፣ በጃስሚን ጉንጉን ተከቦ፣ የሟች ፎቶ ቆሟል። የእኔ ፎቶ ነው! ከመጽሔት ላይ የተቆረጠ የሳሙና ማስታወቂያ። ሳሙናውን ቆርጠው ጥለውታል፤ እኔ ግን ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ እየሳቅኩ ነው።

"እኔ ይኸው በሕይወት አለሁ" አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ከፍ እንደማይደረግ አውቃለሁ፤ ከፍ አደረግኩ። "ፎቶውን አንሱልኝ!"

ፋይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እማማ ጁዋን ቀና ብለው አዩኝ፤ አልደነገጡም። አባ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ መነኩሴ ከፍ ብሎ ተቀምጦ መቆም ነውር ስለሆነ እንጂ ልቀመጥ አልፈለግኩም።

"አባ፣ ይንገሯቸው እንግዲህ። ሳላይ የለችም፤ ኖራም አታውቅ።"

"እኔ በየበዓሉ ስለ ሁላችሁም የምለው እሱኑ ነው" አሉ አባ። "የሚሰማኝ የለም።"

ከዚያ ወደ እማማ ጁዋን ዞረው፣ ሟቿ ምንዎ ናት ብለው ጠየቁ። እማማ ጁዋን እጃቸውን ገጥመው መለሱ። ምኔም አይደለችም አሉ። ጠላቴ ናት። ዓመት ሙሉ፣ የቡድሃ መደርደሪያዬ ሥር ተቀምጬ ስረግማት ነበር። ውሃ እንዳጣሽ ሙቺ ብያታለሁ፣ በዚህ አፌ። ትናንት ማታ ውሃ እያለች ሞተች። ቀብሯ ላይም ሰው አልነበረም፣ አየሁት፣ ያቺ ሠራተኛዋ እንኳ ቀረች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከገበያ ሴቶች አንዷ፣ እትዬ እኮ እውነት አይደለም ብላ ሹክ አለቻቸው።

"እርግማኔ እውነት ነበር" አሉ እማማ ጁዋን።

መነኮሳቱ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሆነ። በዚህ ጊዜ ውሃ ይፈስሳል፤ ከትንሿ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ወደ ሣህን ቀስ ተብሎ እየተንቆረቆረ የሥራው ጽድቅ ለሟች ይላካል። የሚያፈሰው ደግሞ የሟች የቅርብ ሰው ነው። እማማ ጁዋን ማንቆርቆሪያዋን አነሱና ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቁ መጥተው እኔ ፊት አስቀመጧት።

"ከአንቺ የሚቀርባት የለም" አሉኝ። በቀጥታ ለእኔ፣ ያለ ዴቻ።

እጄን አልዘረጋሁም። ዓመት ሙሉ ዘመዴ አይደለችም፣ አላውቃትም፣ የለችም እያልኩ ከተማ ስዞር ኖሬ፣ አሁን በመነኮሳት ፊት ሐዘንተኛዋ ልሁን? ያችን ማንቆርቆሪያ ካነሳሁ እማማ ጁዋን ዕድሜ ልካቸውን የሳላይ ዘመድ ነው የሚሉኝ፤ የልጅ ልጆቼ የሳላይ የልጅ ልጆች ናቸው። ካላነሳሁ ደግሞ፣ ያውም ጠላታቸውን ይቅር ሊሉ መጥተው እኔ እምቢ ካልኩ፣ ጋብቻው እዚሁ ምንጣፍ ላይ አበቃለት። ፋይን ዞሬ አየኋት። እጇን ከፊቷ አንስታለች። አትለምነኝም፣ አትቆጣኝም፤ ታየኛለች ብቻ። አንሺ ወይም ተይው፣ እኔ ደክሞኛል የሚል ዓይን ነበር።

ለልጄ ስል እጫወተዋለሁ አልኩ። ሥራዬ አይደል እንዴ። ሐዘንተኛ ሆኜ አላውቅም፣ ግን ይህን ያህል ዓመት ሌላውን ሳስለቅስ እንዴት እንደሚለቀስ አይቻለሁ። ማንቆርቆሪያዋን አነሳሁ። መነኮሳቱ ማዜም ጀመሩ። እማማ ጁዋን እንደ ወጉ መዳፋቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ፤ ዴቻ የሳቸውን ትከሻ ያዘ፣ ፋይ የሱን። ውሃውን ቀስ ብዬ ለቀቅኩና የሐዘን ድምፄን አውጥቼ "ይህ ጽድቅ ለሳላይ..." አልኩ።

እዚያ ላይ ድምፄ ተቆረጠ።

ያ ሰሌን ነው የመጣብኝ። ውሃ ስትል፣ ዳይሬክተሩ ሾርባውን ሲመጥጥ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ሰዓቱን ሲያይ። እሺ እነሱስ። እኔስ? የዚያችን ሴት ቁጣ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ የተጣልኩበትን ቀን፣ ዕቃዬ ደጅ የወጣበትን ቀን፣ ያለኝን ክፉ ቀን ሁሉ አልብሻታለሁ። ስትሞት ግን መጋረጃ እየመረጥኩ ነበር። አጠገቧ ማንም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም። የረገሟት አሮጊት ናቸው ያዘኑላት። "...ይድረስ" የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ልጨርሰው ስታገል ውሃው ከሣህኑ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። የገበያ ሴቶቹ ፊት፣ ያለ ሜካፕ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ አስቀያሚ ለቅሶ አለቀስኩ። የእማማ ጁዋን መዳፍ ከክንዴ አልተነሳም። በመጨረሻ እሳቸው ቃሉን ጨረሱልኝ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ውሃው በዛፍ ሥር ይደፋል። ከእማማ ጁዋን ጋር ወደ ግቢው ወጣን፤ ሣህኑን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ክንዴን ያዙ። ጎንበስ ብዬ ደፋሁት። እንዳፈርኩ፣ እንደተናደድኩም ነበር። ማን ላይ እንደሆነ ብቻ ጠፋኝ። አሁን ይሰድቡኛል ወይም ይመርቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ጫማቸውን እየፈለጉ፣ ዓርብ ጠዋት ለሽምግልና እመጣለሁ፣ ጣፋጩን እኔ ይዤ ስለምመጣ እንዳትገዢ አሉኝ። ይህን ለመስማት ያን ሁሉ የለፋሁ ሰው እሺ ብቻ አልኩ።

ከዚያ ዞር ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ያችን ሴት ዓመት ሙሉ ተሸክመሽ ስትዞሪ አልደከመሽም?" አሉኝ።

ማን ነሽ ለሚለኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ። ደክሞሻል ወይ ብሎኝ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ ዳይሬክተሩም፣ አባም፣ የገዛ ልጄም። አይ፣ ሥራ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

"ደክሞኛል፣ እማማ" አልኩ።

እማማ ጁዋን ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ የረገፈውን ቅጠል በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ታዲያ ቁጭ በያ" አሉኝ።